ጠፍጣፋ ወርቅ የግራና የቀኝ ብርሃንን እንዴት ይለያል?

ከኮምቦልቻ የጻፍከው ወንድማችን፣ ጥያቄህ ይህ ነው። ብርጭቆ ላይ ያረፈ፣ አራት ክንፉ የታጠፈ የወርቅ መስቀል ሲሙሌት እያደረግክ ነው። ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረውን ብርሃን (ማለትም የኤሌክትሪክ መስኩ ወደፊት እየሄደ የሚሽከረከረውን) እኩል አላሳልፍ አለህ። ኮዱ ተበላሽቶ ይሆን? ነው ያልከው። አብሽር፣ ኮዱን ገና አትንካው።

"ረ"ን ከወረቀት ቆርጠህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ብታንሸራትተውም ብታዞረውም ከመስታወት ምስሉ ጋር አይገጥምም። ገልብጠው፣ ይገጥማል። ጠፍጣፋ ነገር ግራና ቀኝ የሚኖረው ከአንድ ወገን እስካየኸው ድረስ ነው።

ስለዚህ መስቀልህ አየር ላይ ብቻውን ቢንሳፈፍና ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ቢወድቅበት፣ ሁለቱንም እኩል ያሳልፍ ነበር። ጨዋታውን የቀየረው ብርጭቆው ነው። ከላይ አየር፣ ከታች ብርጭቆ ሲሆን ፊቱና ጀርባው አንድ መሆናቸው ይቀራል። ብርጭቆውን አውጥተህ አስላ፤ ልዩነቱ ዜሮ መግባት አለበት። ደሴ ላይ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማሠራቸው ይህንን ነው። መብራት ሳይሄድ የሚያልቅ አጭር ስሌት ነዋ!

ቀጥለህ ክንፎቹን ወደ ተቃራኒው አጥፋቸው። የልዩነቱ መጠን እንዳለ ሆኖ ፕላሱ ማይነስ መሆን አለበት። መጠኑም ከተለወጠ ሜሹን፣ ማለትም ስሌቱ ቅርጹን የሚከፋፍልበትን የትናንሽ ቁርጥራጮች መረብ፣ ጠርጥር። የወርቁ ጠርዝና ማዕዘን ላይ አድቅቀው፤ የኤሌክትሪክ መስኩ የሚበረታው እዚያ ነው።

የተንጸባረቀውን ብርሃን ስትለካ ደግሞ ግራና ቀኙ እንዳይምታታብህ። ሲኒማ ቤት የሚታደለው የስሪዲ መነጽር ሰርኩላር ፖላራይዝድ ከሆነ (አንዱ መስታወቱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የሚዞረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ) አድርገው፣ አንድ ዓይንህን ጨፍንና መስታወት እይ። በተከፈተው ዓይንህ ፊት ያለው መነጽር ይጨልምብሃል፤ የሚታይህ የተጨፈነው ዓይንህ ነው። መስታወቱ የብርሃኑን አዟዟር ስለሚገለብጠው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 እነ ፌዶቶቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በማይክሮዌቭ ሞገድ ያሳዩት ነገር ሌላ ነው። እዚያ ወደ አንድ ጎን የሚዞረው ያው ሞገድ ከፊት ሲገባና ከጀርባ ሲገባ የሚያልፈው መጠን ይለያያል። ለዚያ ግን ብረቱ የተወሰነ ኃይል መምጠጥ አለበት፤ ቅርጹም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ያንተ መስቀል በሩብ ዙር ራሱን ስለሚመስል እዚህ ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ክንፎች ካስረዘምካቸው ግን ይገባል፤ ያኔ ከሁለቱም ወገን አስላና ግራፉን እዚህ ለጥፈው።