እህትህ ውሉን ከመፈረሟ በፊት

ሰላም ወንድሜ። «የ21 ዓመት እህቴ 400 ሜትር መሰናክል ትሮጣለች፤ አንድ ማናጀር ለሌላ አገር ትሩጥ ብሎ ውል አምጥቶልናል፤ ትሂድ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ በዚሁ ርቀት ለሌላ አገር ልሮጥ ሄጄ የተመለስኩ ነኝ። ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

የፈረምኩት ስታዲየም አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ። ያየሁት የደሞዙን ቁጥር ብቻ ነበር። ብጎዳ ማን ያሳክመኛል፣ ፓስፖርቱ እስኪመጣ በምን እኖራለሁ ብዬ አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ እህትህ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለብሳ ታውቃለች? እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ለአገሩ የሮጠ አትሌት አገር ሲቀይር ቢያንስ 3 ዓመት ይጠብቃል። መቀየር የሚፈቀደውም አንዴ ነው።

ሰው ቶሎ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠውን የሲፋን ሐሰንን ስም ያነሳል። ሲፋን ግን በ15 ዓመቷ በስደት ሄዳ እዚያው ያደገች ናት። ለእህትህ የሚቀርበው ኦርላንዶ ኦርቴጋ ነው። ኩባዊ የ110 ሜትር መሰናክል ሯጭ ነበር፤ በለንደን ኦሎምፒክ ለኩባ ሮጦ 6ኛ ወጣ። በ2013 ከኩባ ቡድን ተለይቶ ስፔን ገባ። በ2015 ክረምት ፓሪስ ላይ በ12.94 ሰከንድ ሮጠ። በዚያው ነሐሴ ቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ነበር፤ ወርቁ የተወሰደው በ12.98 ነው። ኦርቴጋ ግን አልተሰለፈም፤ ዜግነቱ የደረሰው ከውድድሩ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለስፔን የብር ሜዳሊያ አመጣ። እሱ እስከዚያ ድረስ በግሉ የሚጋበዝበት ትልልቅ ውድድር ነበረው። እህትህስ?

ጥበቃው ለመሰናክል ሯጭ ይብሳል። የረጅም ርቀት ብትሆን ጎዳና ላይ ሮጣ ትበላለች። በእኛ ግን ከመሰናክል እስከ መሰናክል 35 ሜትር ነው፤ እርምጃው ተቆጥሮ ነው የሚሮጠው። እኔ በ17 እርምጃ ነበር የምሄደው። አዲሱ አሰልጣኝ 15 አድርጊው አለኝ። እስከ አምስተኛው መሰናክል እደርስበታለሁ። ከስድስተኛው በኋላ ግን ያጥረኛል። አንድ ቀን እንዲደርስልኝ እግሬን በግድ ስዘረጋ የኋላ ጭኔ ጡንቻ ተበጠሰ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። በሁለተኛው ወር ደሞዙ ቆመ። ፓስፖርቱም አልመጣም። ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬን የገፋልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ዜግነቱንም አስቡበት። የኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ስትወስድ የኢትዮጵያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው የምታወጣው። እናታችሁ ይህን ከአሁኑ ትስማ።

አትሂድ አልልህም። እዚህ መሰናክል ስትል ሰው 3000 ሜትሩን ነው የሚያስበው፤ ለ400 የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ልጅቷ ሌላ ቦታ ብትመኝ እውነቷን ነው። ብቻ በጥበቃው ጊዜ ማን እንደሚከፍላት፣ ብትጎዳም ደሞዙ እንደሚቀጥል፣ ፓስፖርቱ ቢቀር ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ እንዳትፈርም። ማናጀሩ «እሱን ለኔ ተዉት» ካለ ያኔ ተነሱና ውጡ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ልጆች አሠራለሁ። ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ ገጽ በገጽ አብረን እናየዋለን።