«አትራክሽን» ለሚያበዙ ወጣት አስጎብኚዎች

ልጆቼ፣ ጣና ላይ እንግዳ ሳመላልስ ነው ያረጀሁት። ሰሞኑን ባሕር ዳር ጀልባ መነሻው ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማችሁ አንድ ቃል ከአፋችሁ አይጠፋም፤ «አትራክሽን»። «ዚስ ፕሌስ ኢዝ ቬሪ አትራክሽን» ትላላችሁ። ኧረ ተዉ! አትራክሽን ስም ነው፤ «ቬሪ» ከፊቱ አይገባም። ቦታው ይስባል ለማለት «አትራክቲቭ» አለላችሁ። እሱም ቢሆን፣ ክረምት ላይ ሞልቶ ለሚወርደው ጢስ ዓባይ ያንሳል።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ መጎተት ማለት ነው። ትራክተርም ከዚያው ነው የወጣው። ደስ የሚለው፣ የኛ «መስህብ»ም ከግእዙ «ሰሐበ» የመጣ ነው፤ እሱም ጎተተ፣ ሳበ ማለት ነው። ግን መስህብ ስንል ቦታው ወይም ቅርሱ ነው የሚታየን። እንግሊዝኛው ሰፋ ይላል። «ቱ አትራክሽንስ» ብላችሁ ከቆጠራችሁ የሚጎበኝ ነገር ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ጢስ ዓባይ በሉ። ሳትቆጥሩት ስትቀሩ ግን ብዙ ጊዜ ስሜት ይሆናል። ሰው በሰው ሲሳብ ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንዷን እንግዳ «አይ ሃቭ አትራክሽን ፎር ዩ» አልኳት። የማሳይሽ ቦታ አለ ማለቴ ነበር። ባሏ አጠገቧ ቆሟል! ደግነቱ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ነገሩ የገባኝ ማታ ነው፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ሌላ ጊዜ ዘጌ ቡና ተፈልቶልን ተቀምጠናል። አቦል አለፈ፣ ቶና ደረሰ። እንግዳዬ ሰዓቱን አየና «ሶ፣ ዋትስ ዚ አትራክሽን?» አለኝ። እኔ ቶሎ ብዬ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ እያልኩ ደረደርኩለት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የሚጎበኝ ቦታ አልነበረም የጠየቀኝ። ይሄን ያህል ሰዓት ቡና ላይ ስትቀመጡ ምኑ ነው የሚስባችሁ ማለቱ ነበር። ቃሉ በጥያቄ ሲመጣ፣ በተለይ ድምፁ ትንሽ ከተጎተተ፣ እንዲህ ያለ ትርጉም አለው።

ለቡና አፍዪዋ ተረጎምኩላት። ጀበናዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«በረካውን ሳይጠጣ እንዴት ይገባዋል?» አለች።