ከቀብዱ በፊት

በዚህ እትም ዓምዳችን በውድድር ትራክ ላይ የራሳቸውን መኪና ለመንዳት ወይም ካርቲንግ (ካርት በሚባሉ ትናንሽ ክፍት የውድድር መኪናዎች መንዳት) ለመጀመር ያሰቡ አንባቢያን ቦታ ስለ ማስያዝ ለላኩልን ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ይዤ አንድ ቀን በትራክ ላይ ለመንዳት እፈልጋለሁ። አንዱ አዘጋጅ ቀኑን «በምድብ» ሲሸጥ ሌላው «ክፍት» እያለ ይሸጣል። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በምድብ የሚባለው ነጂዎችን እንደ ልምዳቸው፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ በሰዓት 20 ደቂቃ ገደማ የሚሰጥ አሠራር ነው። ክፍት በሆነው ቀን ግን በአንድ ጊዜ ትራኩ ላይ የሚፈቀደው የመኪና ብዛት እስካልሞላ ድረስ በፈለጉት ሰዓት ገብተው በፈለጉት ሰዓት ይወጣሉ። በወረቀት ሲታይ ክፍቱ ብዙ የሚያስነዳ ይመስላል፤ ይሁንና በመጀመሪያ ቀኑ 20 ደቂቃ በሙሉ ትኩረት ነድቶ የማይደክም ሰው ብዙም አላየሁም፤ ፍሬኑና ጎማውም ቢሆኑ ከሰውየው ቀድመው እረፍት ይሻሉ። በምድብ ሲነዱ እረፍቱ ሳይወዱ በግድ ይመጣል፤ ከኋላዎም ትራኩን በልቡ የያዘ ነጂ መብራት እያበራ አይመጣብዎትም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በምድብ ይያዙ። የአሠልጣኝ ተራ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነም ከቦታው ጋር አብረው ይያዙት፤ በዕለቱ ጠዋት ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ አልቆ ይገኛል። ተራውን ከረፋዱ ሳያልፍ ያድርጉት፤ ስሕተት ልማድ ከሆነ በኋላ የሚመጣ አሠልጣኝ ሥራው እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው ትራኩ የድምፅ ገደብ እንዳለው ያየሁት። ማርሚታዬ ከፋብሪካው የመጣው አይደለም። ያሳስበኛልን?

መልስ፦ በጣም ሊያሳስብዎት ይገባል። ትራኮች ከጎረቤት ነዋሪዎች ጋር ባላቸው ስምምነት ወይም በአካባቢው ሕግ የተነሣ ገደቡን በጥብቅ ያስከብራሉ። የተለመደው የቆመ መኪና ልኬት የሚካሄደው ሞተሩ ከከፍተኛ የመሽከርከር ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ ላይ እንዲጮህ ተደርጎ፣ መለኪያው ከጭስ ማውጫው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቆና በ45 ዲግሪ ተቀምጦ ነው። ከዚህ በተጨማሪ መኪናው ሲያልፍ ከትራኩ ዳር የሚለኩ አሉ፤ የቆመውን ልኬት ያለፈ መኪና በዚህኛው ሊወድቅ ስለሚችል አዘጋጁ ሁለቱንም ቁጥር እንዲነግርዎ ይጠይቁ። የድምፅ መለኪያ የሆነው ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም፤ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ማለት የድምፁ ኃይል በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ አለፈ» የሚል ክርክር በር ላይ አያዋጣም፤ የተመለሰ መኪና ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። አስቀድመው በጋራዥ ያስለኩ፤ ካለፈም ቀኑ ሳይቀርብ ቦታውን ለሌላ ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሙሉ የመድን ሽፋን አለው። ለትራኩ ሌላ ያስፈልገኛልን?

መልስ፦ የመድን ውልዎን አውጥተው የማይሸፈኑ ጉዳዮች የተዘረዘሩበትን ገጽ ያንብቡ። የመንገድ መድን ውሎች በአብዛኛው በውድድር ትራክ ላይ የሚደርስ ጉዳትን፣ ውድድር ባይኖርም እንኳ፣ አይሸፍኑም። ለአንድ ቀን የሚገዛ የትራክ መድን አለ፤ እሱን ሲገዙ የመኪናው ዋጋ በስንት እንደ ተያዘና ከኪስዎ የሚወጣው የመጀመሪያው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ይህ ድርሻ ከመንገዱ መድን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። አብዛኛው የትራክ መድን የራስዎን መኪና ብቻ ስለሚሸፍን የሌላውን ሰው ጉዳት በተመለከተ ለብቻው ይጠይቁ። ብዙ አዘጋጆች በትራክ ቀን ላይ የዙር ሰዓት መቆጠርን የሚከለክሉትም በዚሁ በመድን ምክንያት ጭምር ነው።

ጀርመን አገር የሚገኘው፣ በ1927 የተከፈተውና ዙሩ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ትራክ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓቶች ለየት ይላል። በእነዚህ ሰዓቶች ትራኩ ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ሆኖ ስለሚቆጠር የአገሩ የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ መቅደምም በግራ ብቻ ነው። ይህ ግን መድንዎ ይሸፍንዎታል ማለት አይደለም፤ የብረት አጥሩን የመታ ሰው ለአጥሩ ጥገና ጭምር ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ የቦታ ማረጋገጫው ላይ «የፍሬን ዘይት አዲስ ይሁን» ተብሏል። መኪናዬ በመንገድ ላይ ምንም ችግር የለበትም፤ ታዲያ ለምን?

መልስ፦ እኔም እንደ እርስዎ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው የትራክ ቀኔ፣ ገና ስድስተኛው ዙር ላይ፣ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሆኖ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝና በኩርባው ዳር ያለው ጠጠር ላይ ቆምኩ፤ ከኀፍረት በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መፍያ ወደ 155 ይወርዳል። በመንገድ ላይ በተለመደው አነዳድ ይህን ያህል ሙቀት ብዙም ስለማይመጣ ችግሩ አይታወቅም፤ ትራክ ላይ ግን ዘይቱ ይፈላል፣ የተፈጠረው እንፋሎትም በእግር ግፊት ይጨመቃል፤ ግፊቱም ፍሬኑ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ዘይቱን ያስለውጡ፤ የፍሬን ሸራውንም ውፍረት ያሳዩ። ከእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ አንድ ዙር በቀስታ ነድተው ይውጡ፤ ካቆሙም በኋላ የእጅ ፍሬን አይያዙ፤ መኪናውን በማርሽ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢዘንብ ገንዘቤ ይመለስልኛልን?

መልስ፦ በአብዛኛው አይመለስም። እኔ ግን ለዝናብ ቀን አላዝንም፤ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ፍሬንና ጎማ ይተርፋሉ፣ የመሪ አያያዝ ጉድለትም ቶሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ስምንት ጓደኛሞች ካርቲንግ ልንሄድ ነው፤ አንዳችን የ10 ዓመት ልጁን ሊያመጣ ይፈልጋል። ምን ብለን ቦታ እንያዝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የምትከፍሉት በደቂቃ ይሁን በዙር፣ ትራኩም ለእናንተ ብቻ የተዘጋ ይሁን ከሌሎች ጋር የምትጋሩት ይሁን ለዩ። አንድ ረጅም ተራ ከምትይዙ ሁለት አጫጭር፣ በመካከሉ እረፍት ያለበት፣ ብትይዙ ይሻላል። ካርት ሞላ ስለሌለው እያንዳንዱን ጉብታ ክንድና ጎድን ይቀበሉታል። ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻልም የለውም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት የታሰሩ ስለሆኑ ካርቱ በደንብ እንዲታጠፍ በኩርባው ውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ለአፍታ ከመሬት መነሣት አለበት። ስለዚህ መሪውን በርጋታ የያዘ ሰው ፔዳሉን እየደበደበ ከሚሄደው ይቀድማል፤ በመጀመሪያው ተራ የተረዳችሁትንም በሁለተኛው ትሞክሩታላችሁ። ፍሬኑ በግራ እግር፣ ነዳጁ በቀኝ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትርገጡ። የክብደት ልዩነት በትናንሽ ሞተሮች ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ፉክክሩ ከምር ከሆነ የካርቲንግ ቤቱ ክብደታቸው ለቀለለ ነጂዎች ማካካሻ ክብደት ይጭን እንደሆነ ጠይቁ።

ልጁን በተመለከተ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜው ይልቅ ቁመቱ ይወስናል፤ እግሩ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት። ብዙ ቤቶች ልጆችን ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ተራ ስለማያስነዱ ለእርሱ የልጆች ተራ ለብቻው መያዝ ሊኖርባችሁ ይችላል። ስልክ ስትደውሉ ቁመቱን በሴንቲሜትር ተናገሩ፤ ከመደወላችሁ በፊት ግን ጫማውን አስወልቃችሁ ለኩት።