የተመራማሪ ችካል፣ ፍግና አቀንጭራ፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ማዳበሪያና መድኃኒት እየተገዛ ከሚታረስ እርሻ አፈሩን፣ ዛፉን፣ ከብቱንና ዘሩን አያይዞ ወደሚይዝ እርሻ፣ ባለሙያዎቹ አግሮኢኮሎጂ ወደሚሉት፣ እንዴት እንሻገር? አራቱን መርጫለሁ።

«የማዳበሪያ ዋጋ አልቀመስ ብሎኛል። እርግፍ አድርጌ ትቼ ኮምፖስት ብቻ ብጠቀምስ?» (አንዲት እናት፣ ከቃሉ)

እትዬ፣ ዘንድሮውኑ በሙሉ አይተዉት። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ደህና ኮምፖስት ግን ደርቆ ሲመዘን ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ያቺን አንድ ኩንታል ለመተካት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ማሳ ድረስ መሸከም ሊኖርብዎ ነው፤ ሸክሙ ደግሞ በማን ጀርባ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ኮምፖስት ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፦ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዘዋል፣ ጥቅሙም ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል። ስለዚህ ከቤት አጠገብ ካለው ማሳ በአንድ ጥማድ ይጀምሩ፤ የሌላውን ማሳ ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ይቀንሱ። በዚያች ጥማድ ላይ በየተራው ማሾ ወይም ሽምብራ ይዝሩ፤ ሥራቸው ናይትሮጅን ከአየር ይስባል። ማሳዎ ውስጥ ግርብያ የሚባለው ዛፍ ካለ አያስቆርጡት። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ሰብሉን አያጠላበትም፣ የረገፈውም አፈሩን ያለማል።

ክምሩ በደንብ እየበሰለ መሆኑን ለማወቅ እንጨት እስከ መሐሉ ይሰኩና ጥቂት ቆይተው ይንቀሉት። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ደህና ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ያጠጡት፣ ቀዝቅዞ ከወጣ ያገላብጡት። ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ፍጉ ሁሉ ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባ ከሆነ ግን ችግሩ የማገዶ ነው፤ መጀመሪያ የጓሮ ዛፍ መትከል ይቀድማል።

«ተመራማሪዎች መጥተው ማሳዬ ላይ ችካል ተክለው፣ ለክተው፣ ጽፈው ሄዱ። ውጤቱን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አሁን ሌሎች መጥተው ማሳ ስጠን ይላሉ። ልስጥ?» (ወጣት አርሶ አደር፣ ከቆቦ)

ወንድሜ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው። ሙከራ የተሠራበት ሰው ውጤቱን ካልሰማ ማሳውን ተበድሮ እንደ መካድ ነው። ቢሆንም አትከልክል፤ አብሮ መመራመር ሲሠራበት ምን እንደሚያስገኝ እዚሁ ወሎ ታይቷል።

መቄት ውስጥ ገረገራ ላይ፣ ትግራይ ደግሞ ሐገረ ሰላም ላይ፣ 400 ዓይነት የማካሮኒ ስንዴ ተዘርቶ ነበር፤ አብዛኛው ከገበሬው የተሰበሰበ የአገር ዘር ነው። በጠቅላላው 60 ገበሬዎች፣ 30 ወንዶችና 30 ሴቶች፣ በየመደቡ እየዞሩ ስለ ዛላው፣ ስለ ቶሎ መድረሱ፣ ስለ ቅርንጫፉ ብዛትና ስለ አጠቃላይ ደህንነቱ ነጥብ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ በሜትርና በሚዛን ከለኩት ጋር ሲያስተያዩት ከተሻሻሉት ዝርያዎች የሚበልጡ የአገር ዘሮች ተገኙ። ገበሬው ባይጠየቅ ኖሮ ብልጫቸው በሙሉ ባልታየም ነበር።

ይህ በገረገራ አልተጀመረም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የዘር ሀብት ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር ዘር ከማቀዝቀዣ ቤት ባሻገር በገበሬው ማሳ ላይ ይኑር ብለው፣ ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት የኢትዮጵያን የዘር ሀብት በመጠበቅ ሥራቸው ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የማሽላ ሙከራ ሲጎበኝ ነበርኩ። ባለሙያው ስለ ምርቱ ይጠይቃል፤ አንዲት እናት ግን ዛላውን ትተው አገዳውን በሁለት ጣታቸው ጫን አድርገው፣ ቅጠሉን ቀርጥፈው ቀመሱት። «ይህን ላሜ አትበላውም» አሉ። ወረቀቱ ላይ የመኖ ጥያቄ አልነበረም። ሰው የማይበላው የማሽላ ክፍል ሁሉ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር እንደሚውል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጥያቄውን ገበሬው አብሮ ካላወጣው ምርምሩ ግማሹን ሥራ ሳያይ ያልፋል።

ስለዚህ ማሳውን ስጥ፤ ግን ችካሉ ከመተከሉ በፊት ተነጋገር። የምትመዝኑት ምን ምንድን ነው? የእኔ ዘርስ ከእናንተው አጠገብ ይዘራል? ሰብሉ ቢከስር ኪሳራው የማን ነው? ውጤቱን መቼ፣ በየትኛው ስብሰባ ትነግሩናላችሁ? በቃል አይቅር፤ የቅሬው (የእድሩ) ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገር። ከአንድ ክረምት በላይ እንዲቆዩም ጠይቅ፤ በልግ በሚቀርበት አገር የአንድ ዓመት ሙከራ ብዙም አያስተምርም።

«በቀበሌያችን የሚጠየቀው የኮምፖስት ጉድጓድ ቁጥር ነው። ሰዉ ቆፍሮ ይተወዋል። ምን ላድርግ?» (የልማት ጣቢያ ባለሙያ፣ ከደላንታ)

እህቴ፣ ቁጥሩን ላኪ፤ ከጎኑ ግን የራስሽ መዝገብ ይኑርሽ። ስንት ሰው ማሳው ላይ በተነው? ስንቱ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይጠይቀው ደገመው? ሁለት ሦስት የደገሙትን አግኝተሽ ጎረቤቶቻቸውን እነሱ ዘንድ ውሰጂያቸው። ገበሬ የገበሬን ማሳ ያምናል።

«ማሽላዬን አቀንጭራ ፈጀው። የአባቴን ጅጉርቴ ማሽላ ትቼ አዲስ ዘር ልውሰድ?» (አንድ አባት፣ ከራያ ቆቦ)

አባባ፣ ሁለቱንም ይያዙ። ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚኖረውን አረም፣ አቀንጭራን፣ እንዲቋቋሙ ተመርጠው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ሥራው የ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማት ያገኙት የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ነው። ሲሪንካ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል ለናንተ ቆላ የሚሆነውን ይጠይቁ። ቶሎ ስለሚደርሱ ዝናብ ሲያጥር ይጠቅማሉ፤ አገዳቸው ግን አጭር ስለሆነ ለከብቱ ጅጉርቴው በከፊል ይዘራ።

አቀንጭራ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘሩን በብዙ ሺህ ይበትናል፤ መሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ነገር ሲደርሰው ነው፤ አፈሩ በደኸየ ቁጥር ሥሩ አብዝቶ ያመነጫል። ፍግና ኮምፖስት የሚረዳው ለዚህ ነው። ማሾን ከማሽላው ጋር ያሰባጥሩ፤ አቀንጭራው ማሾ ላይ አይኖርም። ኬንያ ውስጥ ዴስሞዲየም የሚባል መኖ በመስመሮቹ መካከል ተዘርቶ አቀንጭራን ይገታል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ማሳ ላይ ስለሚቆይ ከአዝመራ በኋላ ከብት ልቅ ከተለቀቀ ያልቃል። ያንን እርስዎ ብቻዎን አይችሉትም፣ ጎጡ በሙሉ መስማማት አለበት። ለጊዜው ግን ወይን ጠጅ አበባው ሳይፈነዳ ይንቀሉት፤ አብቦ ካገኙት እዚያው አይጣሉት፣ ሰብስበው ያቃጥሉት።