«ልጅቱ እውን ናት?» ለማለት አትቸኩሉ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁ ልብ ወለድ ትታችሁ ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ የሚመክሩ መጻሕፍት ብቻ እንደምታነቡ አያለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ኑሮው ከባድ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ። መነሻው የጥንት ተረት ነው። ቦታው ሰሜን ጫፍ ያለ ጫካና በረዶ ነው። ምትሃቱና የዕለት ጉርሱ አንድ ገጽ ላይ አብረው ይኖራሉ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ መጽሐፍ ልያዝ። ኤዮዊን አይቪ በአሜሪካ ሰሜን ጫፍ ባለችው ግዛት፣ አላስካ ውስጥ ያደገች ደራሲ ናት። መጀመሪያ የጋዜጣ ሪፖርተር ነበረች፤ ቀጥላ ፓልመር በምትባል ትንሽ ከተማ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ሠራች። እዚያ መጽሐፍ ስትደረድር አንድ የልጆች መጽሐፍ እጇ ገባ። ውስጡ ያለው በበረዶ ስለተሠራች ልጅ የሚነገረው የሩሲያ ተረት ነበር። ከዚያ ተረት ተነሥታ የጻፈችው «የበረዶዋ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር ለሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባ።

ልብ ወለዱን ከመክፈታችሁ በፊት ተረቱን አንብቡ። አጭር ነው። ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌና አሮጊት በረዶ ጠፍጥፈው ልጅ ይሠራሉ፤ ነፍስ ትዘራለች። መጨረሻው እንደ ተራኪው ይለያያል። በአንዱ፣ በጋ ሲገባ ከእኩዮቿ ጋር እሳት ስትዘል ተንና ትጠፋለች። በሌላው ጫካ ውስጥ ትጠፋና ቀበሮ መንገድ መርታ ወደ ቤቷ ትመልሳታለች። ሽማግሌዎቹ ለቀበሮዋ ቃል የገቡላትን ዶሮ ሲሰስቱ ልጅቱ ከዶሮ አሳንሳችሁ ወደዳችሁኝ ብላ ትሄዳለች። እኔ ይኼኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ጥፋቱ የፀሐይ ሳይሆን የሰው ነውና። ሩሲያውያን ራሳቸው ተረቱን ደጋግመው ሠርተውበታል። ጸሐፌ ተውኔቱ ኦስትሮቭስኪ በ1873 ቲያትር አደረገው፤ የሙዚቃ ደራሲው ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ደግሞ ኦፔራ አድርጎት በ1882 ለመድረክ በቃ።

«ተረቱን ካወቅን መጨረሻው አይበላሽብንም?» ትሉ ይሆናል። አይበላሽም። የልብ ወለዱ ሴት፣ ሜብል፣ ራሷ ተረቱን ታውቀዋለች። አባቷ መጽሐፉ ነበረው። ልጅቱን ባየች ቁጥር ያ የተረት መጨረሻ ትዝ ይላታል። እናንተም ካወቃችሁ ከእሷ ጋር እኩል ትፈራላችሁ። ካላወቃችሁ ግን የሜብልን ፍርሃት ከሩቅ ነው የምታዩት።

ታሪኩ በ1920 ይጀምራል። ጃክና ሜብል ከፔንሲልቫኒያ ተነሥተው አላስካ የገቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ናቸው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በ1862 ባወጣው ሕግ መሠረት አንድ ቤተሰብ 160 ኤከር መሬት ያገኝ ነበር። ወደ 65 ሄክታር መሆኑ ነው። ነገር ግን ቤት መሥራት፣ እዚያው መኖርና ማረስ ግዴታ ነው። በዚያ አገር መመንጠር ማለት ደግሞ ግንድ መንቀል ነው፣ ሥር መቁረጥ ነው፣ ከፈረስ ጋር መታገል ነው። በክረምት ቀኑ ያጥራል። አንኮሬጅ በምትባለው የአላስካ ከተማ አካባቢ በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ የምትታየው አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ደግሞ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለች። ሙስ የሚባል ግዙፍ የአጋዘን ዘር አለ፤ ወንዱ ከአምስት መቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጃክ ያንን መግደል ከቻለ ክረምቱን ይወጡታል። ካልቻለ አይወጡትም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ ምትሃቱን የሚሸከመው ሥራው ነው። በመጀመሪያው በረዶ ምሽት ባልና ሚስቱ እንደ ልጅ እየሣቁ የበረዶ ልጅ ሠርተው ስካርፍና ጓንት ያለብሷታል። ጠዋት ሲነሡ ስካርፉም ጓንቱም የለም። ከቤቱ ወደ ጫካው የሚሄድ የትንሽ ልጅ ዱካ ብቻ አለ። ያ ዱካ የሚያስደነግጠን እስከዚያ ድረስ ስለ ድንቹ፣ ስለ ምድጃውና ስለ ወገብ ሕመሙ የተነገረንን ሁሉ አምነን ስለመጣን ነው። ስለዚህ የትኛውንም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታነቡ እጆችን ተመልከቱ። ሰዎቹ ምን ይበላሉ? እንጨቱን ማን ይፈልጣል? ወጥመዱ እንዴት ይዘረጋል? ደራሲው ይህን ካላወቀ ምትሃቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል፤ መጽሐፉን አስቀምጡት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ዓይናችሁ ካልነቃ አታዩትም። ፋይና የምትባለው ያቺ ልጅ ባለችበት ንግግር ላይ ትእምርተ ጥቅሱ ይጠፋል። ሌሎቹ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ጥቅሱ አለ። እሷ ስትመጣ ቃሉና ሐሳቡ፣ የተሰማውና የታለመው ይቀላቀላል። ደራሲዋ «ልጅቱ እንግዳ ናት» ብላ አልነገረችንም። ምልክቷን አንሥታ ዝም አለች። እንዲህ ያለውን ማየት የሚቻለው ቀስ ተብሎ ሲነበብ ነው፤ ስለዚህ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት።

ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «መምህር፣ ልጅቱ እውን ናት ወይስ አይደለችም?» መጽሐፉ ምድራዊ መልስ አለው፤ ጃክ ጫካ ገብቶ የሚያገኘውን ስታነቡ ታዩታላችሁ። ግን ያም መልስ ሁሉን አይዘጋም። እሷ ስትሄድ የሚከተላት በረዶ፣ ሙቀት ላይ የምትሆነው አኳኋን አይገለጽም። እናንተ ደግሞ ሁለቱን አብሮ መያዝ የምታውቁ ሰዎች ልጆች ናችሁ። አድባር ዛፍ ሥር ቅቤ የሚቀባ ገበሬ ለአድባሩ ብሎ ማረሱን አይተውም፤ በሬውንም ይጠምዳል፣ ዛፉንም ያከብራል። ሁለቱ አይጣሉበትም። በዚያ ልብ አንብቡ። ምሥጢሩን ለመፍታት የሚሮጥ አንባቢ ወደ መጨረሻው ገጽ ቶሎ ይደርሳል፣ ሜብልን ግን ሳያውቃት ይቀራል።

ሜብል ደግሞ መታወቅ ያለባት ሴት ናት። የወለደችው ሕፃን ሳይተነፍስ ቀርቷል። ወደ አላስካ የመጣችውም ከዘመድ አዝማድ ልጆች ጫጫታና ከሰው ዓይን ለመራቅ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የረጋው ወንዝ ላይ ስትራመድ በረዶው ቢሰበርባት ደስ የሚላት ሴት ሆና እናገኛታለን። ይህን ክፍል ስታነቡ እባካችሁ አትቸኩሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ልጅ ያልወለደች ሴት በየድግሱ፣ በየልቅሶው ምን እንደሚባልባት ታውቃላችሁ። «እግዜር ይስጥሽ» ሲሏት ፈገግ ብላ የምታልፍ አክስት ያላችሁ አላችሁ። እናንተ ራሳችሁ ይህ የሚደርስባችሁ ቀን ሊመጣም ይችላል። ይህን ሐዘን በግልጽ የሚጽፍ መጽሐፍ ብዙ አይደለም። ተረቱ ባይኖር አይቪም ይህን ያህል ደፍራ የምትጽፈው አይመስለኝም። ሰው በቀጥታ ሊናገረው ያልቻለውን ለበረዶ ልጅ ይናገረዋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሱንም ልንገራችሁ። «ምድረ በዳ» የሚባለው ሰሜን ባዶ አልነበረም። ፓልመር ያለችበት ሸለቆ የደናይናና የአህትና ሕዝቦች አገር ነው። ሰፋሪዎች ሳይመጡ ዓሣ ያጠመዱበት፣ ስም ያወጡለት፣ ተረት የተረቱበት መሬት ነው። በ«የበረዶዋ ልጅ» ውስጥ እነሱን ማግኘት ይከብዳል። አይቪ በ2016 ባሳተመችው ሁለተኛ ልብ ወለዷ ግን ትቀርባቸዋለች። ለዚያ መጽሐፍ መነሻ የሆናት በ1885 ሌተናንት ሄንሪ አለን በኮፐር ወንዝ ላይ ያደረገው እውነተኛ ጉዞ ነው። ወታደሩ ማስታወሻ ይዞ ካርታ ሊሠራ ይገባል፤ አገሩ ግን ካርታ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች ያሳየዋል። ሁለቱን መጻሕፍት ተከታትላችሁ ብታነቡ የመጀመሪያው የዘለለውን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

እንግሊዝኛው ያስፈራናል ለምትሉ፦ ዓረፍተ ነገሮቹ ከባድ አይደሉም። የሚያስቸግራችሁ የዛፉ፣ የወፉና የአውሬው ስም ነው። ለእነዚህ መዝገበ ቃላት አትፈልጉ፤ ስሙን ወረቀት ላይ ያዙትና ንባባችሁን ስታቆሙ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ሥዕሉን እዩ። ሙስ ምን እንደሚያህል፣ በርች የሚባለው ዛፍ ልጡ እንዴት ነጭ እንደሆነ አንዴ ካያችሁ ሌላው ይቀላችኋል። የምትችሉ ከሆነ ከጓደኛ ጋር አንብቡ። በየምዕራፉ መጨረሻ ቆም በሉና ልጅቱን እስካሁን ማን በዓይኑ እንዳያት፣ ማን እንዳላያት ተነጋገሩ።

ይህን ጨርሳችሁ ከወደዳችሁት አይቪ በ2025 ሦስተኛ መጽሐፍ አውጥታለች። እሱም አላስካ ነው፤ በውስጡም ድብ አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እንደተለመደው አንድ ተረት አንብቡ። እኔ የምመርጥላችሁ አስብዮርንሰንና ሙ የሰበሰቡትን፣ ነጭ ድብ ያገባችውን ልጅ የሚተርከውን የኖርዌዩን ነው።