ጥያቄና መልስ፦ ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር ለምን ይሾልካል?

ጥያቄ፦ የእጅ ሥራ የምወድ አንባቢያችሁ ነኝ። በቅርቡ የአበባ ቅርጽ ያለው ስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት፣ በክፍቱ በኩል ቀለም የሚቀባበት ስስ ፕላስቲክ) ገዝቼ በአንድ የእንጨት ሣጥን ክዳን ላይ ሞከርሁት። ሥራው ያማረ መስሎኝ ነበር፤ ስቴንስሉን ሳነሣው ግን ቀለሙ ከሥር ሾልኮ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተቀላቅለው አገኘኋቸው። ቀለሙ ስለወፈረ መስሎኝ ውሃ ብጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። ስህተቴ ምን ላይ ነው? ደግሞስ በሳንቃ ላይ «ሰላም» ብዬ ለመጻፍ ስቴንስሉን ራሴ መቁረጥ እችላለሁን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የገጠመዎት ችግር የእጅዎ አለመለማመድ ሳይሆን የቀለሙ መብዛት ያመጣው ነው። ስቴንስሉ የቱንም ያህል ቢለጠፍ በእርሱና በእንጨቱ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት አትጠፋም፤ ብሩሹ ብዙ ቀለም ከያዘ ፈሳሹ ወደዚያች ክፍተት ይሳባል፣ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ቀጥኖ ይርቃል። ስለዚህ አክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥና ቶሎ የሚደርቅ) ቀለም ሳያቀጥኑ ይጠቀሙ፤ ብሩሹም ፍጹም ደረቅ፣ ፀጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉም እኩል የተቆረጠ ይሁን።

የብሩሹን ጫፍ ብቻ ቀለም ካስነኩ በኋላ በተጣጠፈ ሶፍት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ላይ እያሽከረከሩ ያራግፉት። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ የሚባክን ስለሚመስለው ቶሎ ያቆማል። እርስዎ ግን ብሩሹ በንጹሕ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ዱቄት የነካው ያህል ደብዛዛ ምልክት ብቻ እስኪተው ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያም የስቴንስሉን ማዕዘኖች በማስኪንግ ቴፕ (በቀላሉ በሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር) አጣብቀው፣ ብሩሹን ቀጥ አድርገው በመያዝ ከጠርዙ ወደ ክፍቱ መሃል መታ መታ ያድርጉ። ወዲያና ወዲህ መጥረግ የብሩሹን ፀጉር ከጠርዙ ሥር ስለሚያስገባው ፈጽሞ አይመከርም። የመጀመሪያው ዙር የፈዘዘ መስሎ ቢታይዎ አይጨነቁ፤ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ካስፈለገም ሦስተኛ ዙር ይደግሙታል። በዚህ መንገድ የተሠራ የአበባ ቅጠል ጠርዙ ደመቅ፣ መሃሉ ፈዘዝ ብሎ ሲወጣ በእጅ የተሣለ ይመስላል፤ እኛ ከስቴንስል ሥራ ሁሉ አብልጠን የምንወደውም ይህንኑ ነው።

እንጨቱ ሻካራ ከሆነ አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው መደብ ቀለም ይቀቡት። ስቴንስሉን ካጣበቁ በኋላ ጠርዞቹን በዚያው በመደቡ ቀለም በስሱ መታ መታ ቢያደርጓቸው፣ የሚሾልከው መደቡን የሚመስለው ቀለም ይሆንና ክፍተቱን ይደፍንልዎታል። ስቴንስሉን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወርዎ በፊት ጀርባውን መጥረግዎን አይርሱ። የተበላሸውን ክዳን በተመለከተ ደግሞ፣ ቀለሙ ስለደረቀ በቀጭን ብሩሽ የመደቡን ቀለም እየቀቡ የሾለከውን መሸፈን ይችላሉ።

ስቴንስሉን ራስዎ መቁረጥዎ የሚበረታታ ነው። ለሰነድ መሸፈኛ የሚያገለግለው ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ጽሑፉን ከሥሩ አድርገው በስለታም ምላጭ ይቁረጡ፣ ኩርባ ላይ ሲደርሱም ምላጩን ሳይሆን ፕላስቲኩን ያዙሩ። «ሰ» እና «ላ» አያስቸግሩዎትም፤ «ም» ግን ሁለት የተዘጉ ክቦች ስላሏት ዙሪያቸውን ሲቆርጡ መሃላቸው ወድቆ ፊደሏ ሁለት ድፍን ነጠብጣብ ትሆናለች። እያንዳንዱን መሃል ከውጪው ፕላስቲክ ጋር የሚያያዙ፣ ስፋታቸው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሁለት ሁለት ድልድዮች ሳይቆረጡ ይተዉ። ድልድዮቹ የሚተዉትን ክፍተት በመጨረሻ በቀጭን ብሩሽ መሙላት ይቻላል፤ እንዳለ ቢተዉትም የስቴንስል ፊደል መልክ ነውና አያስነውርም።

ጥያቄ፦ በትራስ ልብስ ላይ በስቴንስል ብሠራ ሲታጠብ አይለቅም?

መልስ፦ ለጨርቅ የተዘጋጀ ቀለም ከተጠቀሙ አይለቅም። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያ ቀለሙ እንዳይገባ ስለሚከለክል አስቀድመው አጥበው ያድርቁት፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው እንዳያልፍም በትራስ ልብሱ ውስጥ ካርቶን ያስገቡ። ሥራው ለ24 ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ በቀለሙ ዕቃ ላይ በተጻፈው የሙቀት መጠን፣ ያለ እንፋሎት፣ ከጀርባው በኩል በካውያ ይተኩሱት።