ለደን ጉዞ ከጨረታ የወጣ ድስት ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ስምንት ጓደኛሞች በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። አዲስ የማብሰያ ዕቃ መግዛት ከአቅማችን በላይ ስለሆነ እዚሁ ጅማ ገበያ ውስጥ ከጨረታ የወጡ ያገለገሉ ዕቃዎችን ተመለከትን። የአሉሚኒየም ድስት፣ ባልዲ የሚመስል የቆርቆሮ ዕቃ፣ የማያጣብቅ መጥበሻና የወታደር ኮዳ አግኝተናል። የትኞቹን ብንገዛ ይሻላል?
አንባቢያችሁ ከጅማ

መልስ፦ ካያችኋቸው ሁሉ አስቀድማችሁ የአሉሚኒየሙን ድስት ያዙ። ስምንት ሊትር ያህል የሚይዝ አንድ ድስትና በውስጡ የሚገባ አነስ ያለ ሌላ ድስት ከነክዳናቸው ካገኛችሁ፣ ያላችሁን ገንዘብ እዚያ ላይ ብታውሉት ይበጃል። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ከመሆኑም በላይ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያሰራጭ፣ በጉልቻ መካከል በአንድ ወገን ብቻ የሚነድ እሳት እንኳ ወጡን በቀላሉ አያሳርረውም። መቀመጫው ወፍራም የሆነውን ምረጡ፤ ውኃ ሞልታችሁ ጥቂት አቆዩትና እጀታው የተያያዘበት ቦታ አለማንጠባጠቡን እዩ።

ክዳኑ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ሙቀቱን ይዞ እንጨት ይቆጥብላችኋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ይህ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ብዙ እንጨት ይፈጃሉ፤ ምስር ክክ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ቆርቆሮው ዕቃ ነው። ባልዲ የሚሠራበት ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ዥንጉርጉር መልክ ይታይበታል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ምግብ ሲበስልበት ዚንኩ እየሟሟ ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል፤ የበላውንም ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል። ሻጩ ምግብ ሲበስልበት የኖረ ነው ቢላችሁም አትግዙት። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ አሉሚኒየምን ማግኔት አይስበውም፣ ቆርቆሮን ግን ይስበዋል።

የማያጣብቀውን መጥበሻ ተዉት፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸትና ጎጂ ጭስ ማውጣት ይጀምራል፣ የእንጨት እሳት ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ኮዳውን ከፍታችሁ አሽትቱት፤ ላምባ ወይም ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ታጥቦ አይጠራም።

ድስቱን በአመድ መፈተግ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም የአመድ ውኃ አሉሚኒየምን ይበላዋል። ይልቅ እሳት ላይ ከመጣዳችሁ በፊት የውጭውን መቀመጫ በደረቅ ሳሙና ቀቡት፤ ጥላሸቱ በኋላ በውኃ ብቻ ይለቅቃል። ስለ ቡና ባትጠይቁኝም ከጅማ ተነሥቶ ያለ ጀበና ደን የሚገባ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ጀበናውን በጋቢ ጠቅልላችሁ በትንሹ ድስት ውስጥ ብታቆሙት መንገድ ላይ አይሰበርም።